ከደጃፍ እስከ ምክር ቤት፤ የባሕሪ ነዋሪዎች የሚያስተምሩን

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ አጠገብ፣ ከካርቱም ማዶ ያለችውን ከተማ ሕዝቡ ባሕሪ ይላታል። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአማርኛ ባሕር፣ በትግርኛም ባሕሪ የምንለው ነውና። ሱዳኖችና ግብጾች ግን ታላቁን ወንዝ ራሱን ባሕር ብለው ይጠሩታል፤ ባሕሪ ማለትም በእነርሱ አነጋገር ሰሜናዊ ማለት ነው። ከተማይቱ የቆመችው በጥቁር ዓባይ ሰሜናዊ ዳር ስለ ሆነ፣ ከጣና ተነሥቶ የወረደው ውሃ በደጃፏ ያልፋል።

በባሕሪ የቆዩ ሰፈሮች የሚያልፍ መንገደኛ በብዙ ቤቶች ደጃፍ ላይ በመቆሚያ የተቀመጠ ትልቅ የሸክላ ጋን ያይ ነበር። ስሙ ዚር ይባላል። አፉ ተከድኖ፣ በክዳኑም ላይ አንድ ኩባያ ይቀመጥበታል። ሸክላው ስለሚያዥ ውሃው በዚያ ኀይለኛ ፀሐይ እንኳ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቈያል። የቤቱ ባለቤት ማለዳ ይሞላዋል፤ የተጠማ ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅድ ጠጥቶ ያልፋል። ይህን ጋን የሚሞላ ሰው ምናልባት በከተማው ምክር ቤት ወንበር አይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን የምክር ቤቱን ሥራ ከደጃፉ ጀምሮታል።

በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፣ ነዋሪ በከተማው ምክር ቤት ሥራ ተካፋይ የሚሆነው እንዴት ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች «በምርጫ ቀን ድምፁን በመስጠት» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት የሚለው ቃል ማዘጋጀት ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ምክር ቤት ደግሞ የሚመከርበት ቤት ማለት ነው። መካሪ የሌለው ምክር ቤት ቤቱ ብቻ ይቀራል። ባሕሪን ምሳሌ አድርገን የመረጥናትም፣ ምክር ቤት ያለ መካሪ፣ መካሪም ያለ ምክር ቤት ሲቀር ምን እንደሚሆን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለቱንም ያየች ከተማ ስለ ሆነች ነው። በሌላ አገር ጉዳይ ላይ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። ስለ ሱዳን በምንናገርበት ቦታ ሁሉ ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢያችን ያስታውስ።

ምክር ቤቶቹ እንዴት ተጀመሩ

ባሕሪ እንዲህ ሰፊ ከተማ ሳትሆን በፊት፣ በስፍራው የነበሩት ሐልፋያን፣ ሸምባትንና ሒላት ሐመድን የመሰሉ የወንዝ ዳር መንደሮች ነበሩ። በ1899 መጨረሻ ከወዲ ሐልፋ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ እዚህ ደረሰ፤ በጥቁር ዓባይ ላይ ድልድይ እስኪሠራም ድረስ የባቡሩ መጨረሻ ይኸው ነበር። ከባቡሩ ጋራ የመርከብ መጠገኛ፣ ከዚያም ፋብሪካዎች ተከተሉ። ፋብሪካው ከየአገሩ ሠራተኛ ጠራ፤ ሠራተኛውም ቤት፣ ውሃ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ፈለገ። የከተማ አስተዳደር ጥያቄ የሚወለደው ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

የእንግሊዞቹ አስተዳደር ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በእንግሊዝ አገር የኮቨንትሪ ከተማ የገንዘብ ሹም የነበሩት ዶክተር ማርሻል የሱዳንን የአካባቢ አስተዳደር መርምረው በ1949 ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ምክራቸው ባጭሩ፣ እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱ በጀትና ተለይቶ የታወቀ ሥልጣን ይኑረው የሚል ነበር። በዚህም መሠረት በ1951 የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ወጣ። ሱዳን በ1956 ነፃነቷን ስትቀዳጅ እንግዲህ በሕግ የተቋቋሙ ምክር ቤቶች ነበሯት።

ከዚያ ወዲህ ግን ምክር ቤቶቹ ከመንግሥቱ ጋራ ሲለዋወጡ ኖሩ። በ1971 በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ዘመን የወጣው ሕግ በየመንደሩ፣ በየሰፈሩና በየገበያው ሳይቀር የሕዝብ ምክር ቤት እንዲቋቋም አዘዘ። በቍጥር ብዙ ሆኑ፤ ሥልጣኑና ገንዘቡ ግን በላይ በጠቅላይ ግዛቱ እጅ ቀረ። ከ1989 የመንግሥት ግልበጣ በኋላም በየሰፈሩ ሕዝባዊ ኮሚቴዎች ተተከሉ። ነዋሪው ወደ ኮሚቴው የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የስኳር ድርሻውን ለመቀበል ወይም የመኖሪያ ማስረጃ ለማስጻፍ ነበር። በብዙ ሰፈርም ኮሚቴው ነዋሪውን ለመንግሥት የሚጠብቅ ዓይን ሆነ እንጂ፣ የነዋሪውን ቃል ወደ መንግሥት የሚያደርስ አንደበት አልሆነም።

ይህ ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ቀበሌዎች፣ በተቋቋሙ ጊዜ ጕልበትና ተስፋ ነበራቸው። ቀበሌው ሰፈር አጽድቷል፤ ማንበብና መጻፍ አስተምሯል፤ ሸቀጥ አከፋፍሏል። በቀይ ሽብር ዘመን ግን ያው ቀበሌ ለብዙ ቤተ ሰብ የእስርና የፍርሃት በር ሆነ። ዕድሩ ግን በዚያ ሁሉ መካከል ሳይፈርስ ኖረ። ለምን ቢባል፣ የዕድር አባል መዋጮውን ከኪሱ ያወጣል፤ ዳኛውን በስሙ ያውቀዋል፤ ሒሳቡንም ተሰብስቦ ይሰማል። ሕዝብ የማይሸሸው ማኅበር እንግዲህ እነዚህ ሦስት ነገሮች ያሉበት ነው።

ውሃው የቆመ ዕለት

በ2018 መጨረሻ በሱዳን ሕዝባዊ ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ፣ በየሰፈሩ የመቋቋም ኮሚቴ የተባሉ የወጣቶች ማኅበሮች ተስፋፉ። ፕሬዚዳንት አል በሺር በሚያዝያ 2019 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የቀድሞዎቹ ሕዝባዊ ኮሚቴዎች ፈረሱ፤ በቦታቸውም የለውጥና የአገልግሎት ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። የዳቦ ሰልፍ በረዘመበት በ2020 ወጣቶቹ በየዳቦ ቤቱ ቆመው ዱቄቱ ወደ ጥቁር ገበያ እንዳይሾልክ ይጠብቁ፣ የማብሰያ ጋዝ በየተራ እንዲታደል ያደርጉ ነበር። ከላይ የታዘዘ ሥራ ቢመስልም፣ በእውነቱ ከሰፈር ወደ ላይ የሚወጣ የአስተዳደር ልምምድ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በአፕሪል 15 ቀን 2023፣ በሱዳን ሠራዊትና ፈጣን ድጋፍ በሚባለው ኀይል መካከል ጦርነት ተነሣ። የባሕሪ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ በዚያው ዕለት ሥራውን አቆመ። ጣቢያው ያለው ውጊያ በሚካሄድበት ስፍራ ስለ ነበረ፣ መሐንዲሶቹ ገብተው ሊጠግኑት አልቻሉም። ዓባይ በአጠገቧ እየፈሰሰ ከተማይቱ ተጠማች። ቧንቧው ደረቀ፤ በደጃፍ የነበረው ዚርም ደረቀ። እናቶችና ልጆች ጥይት በሚያፏጭበት መካከል ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዝ ወረዱ፤ ሌሎችም የተተወ የጕድጓድ ውሃ ፍለጋ ዞሩ።

በዚያን ጊዜ ከማዘጋጃ ቤቱ የሚመጣ ሰው አልነበረም። የመጡት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። በየሰፈሩ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል የሚባል አቋቋሙ። እነዚህ ክፍሎች ነዳጅ ገዝተው የጕድጓድ ውሃ በሞተር አስወጡ፤ መድኃኒት አሰባሰቡ፤ ለመውጣት የፈለገውን ቤተ ሰብ መንገድ እያሳዩ አሸሹ። ከሁሉ በላይ የጋራ ማእድ ቤት ከፈቱ። ሱዳኖች ተኪያ ይሉታል፤ ጥንት የሱፊ ሸኾች ለመንገደኛና ለደቀ መዝሙር ምግብ የሚያበስሉበት ቤት ስም ነበር። በትልልቅ ብረት ድስት ባቄላና ምስር እየተቀቀለ፣ እያንዳንዱ ቤት ዕቃውን አምጥቶ እንደ ቤተ ሰቡ ቍጥር ይቀበል ነበር። የሴቶች ትከሻ ያልተሸከመው ሥራ አልነበረም።

ይህ መልካም ሥራ ያለ ዋጋ አልተሠራም። ከሁለቱም ተዋጊ ወገኖች በኩል «የእነዚያ ወገን ናችሁ» እየተባሉ የታሰሩና የተገደሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ገንዘቡ ይመጣ የነበረው በአብዛኛው በውጭ አገር ካሉ ሱዳናውያን፣ በስልክ በሚተላለፍ የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ መስመሩ በተቈረጠ ቍጥር ድስቱ ይቀዘቅዝ ነበር። እነዚህ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች በ2025 ከኖርዌይ የራፍቶ ሽልማትን፣ ከስዊድንም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ወጣቶቹ ለሰፈሩ የሚያስፈልገውን ለማወቅ ጥናት የሚያደርግላቸው ባለሙያ አልጠበቁም፤ በየቤቱ ስንት ሕፃን፣ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት የስኳር በሽተኛ እንዳለ ቀድሞ የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸውና። የተቀበሉትን ገንዘብና የገዙትን እህል በደረሰኝ እየጻፉ ለሰጪው ያሳውቁ ነበር። ሱዳኖች በጋራ ለመሥራት በአንድነት መውጣትን ነፊር ይሉታል፤ በአማርኛ ደቦ፣ በትግርኛ ወፈራ እንደምንለው ነው። በ2013 የክረምት ጎርፍ የካርቱምን ዳርቻ ባፈረሰ ጊዜም ወጣቶች የርዳታ ዘመቻቸውን በዚሁ ስም ጠርተውት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የታየው እንግዲህ በአንድ ቀን የበቀለ ሳይሆን ሥር የነበረው ነው።

በ2025 የመጀመሪያ ወራት ሠራዊቱ ባሕሪን መልሶ ያዘ፤ ተሰዶ የነበረውም ነዋሪ መመለስ ጀመረ። የጠበቀው ግን የተዘረፈ ቤት፣ የተነቀለ የመብራት ሽቦና የደረቀ ቧንቧ ነበር። በዚያው ዓመት በካርቱም ግዛት ኮሌራ ገባ፤ የኮሌራ ዋና በር የተበከለ ውሃ መሆኑን የማያውቅ የለም። እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ነው። ሹሙ ወደ ቢሮው ሲመለስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ድስት የጣደችው ሴትና ሞተር ያንቀሳቀሰው ወጣት ወደ ቤታቸው ይመለሱ ይባላሉ፣ ወይስ ወንበር ይሳብላቸዋል? ሕጉ በሹሙ እጅ ነው፤ የሕዝቡ እምነት ግን በእነርሱ ዘንድ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ሕግ ያለ እምነት፣ እምነትም ያለ ሕግ ይቀራሉ። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ወንበሩን መሳብ ነው።

ነዋሪው ምን ያድርግ

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ለየትኛውም ከተማ ነዋሪ የሚረዳ ስለ ሆነ፣ ተራ በተራ እንዘረዝረዋለን።

መጀመሪያ፣ የትኛው ሥራ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። በባሕሪ የሰፈር ጽዳት የአካባቢው አስተዳደር ጉዳይ ሲሆን፣ ቧንቧው ግን የካርቱም ግዛት የውሃ ድርጅት ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ወረዳውና የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በሮቻቸው የተለያዩ ናቸው። በማይመለከተው በር ቆሞ የዋለ ሰው ሹም የበደለው ይመስለዋል፤ የበደለው ግን አለማወቁ ነው።

ሁለተኛ፣ በስብሰባ መገኘት ነው። «እኔ ብቀር ምን ይጎድላል» የሚል ሰው፣ በማግሥቱ የጎደለውን በደጃፉ ያገኘዋል። በስብሰባው ላይ ሲናገርም የራሱን ቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ችግር ጨምሮ፣ ባጭሩ ይናገር። ንግግር የረዘመበት ሸንጎ ውሳኔ ያጥርበታል።

ሦስተኛ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። መልካም አቤቱታ «ተቸግረናል» ብሎ አያበቃም። ችግሩ የቱ ላይ እንዳለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ስንት ቤት እንደሚነካ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የሚፈለገው ምን እንደ ሆነ፣ ነዋሪውም በበኩሉ ምን እንደሚያዋጣ ይናገራል። ቀን ይጻፍበት፤ የብዙ ቤት ሰዎች ይፈርሙበት፤ አንዱ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ቍጥር ጋራ በነዋሪዎቹ እጅ ይቅር። ቃል ይረሳል፤ ቍጥር ያለው ወረቀት ግን ይፈለጋል።

አራተኛ፣ ስለ ገንዘቡ መጠየቅ ነው። የከተማ በጀት የሕዝብ ቀለብ ነው። በብራዚል አገር ፖርቶ አሌግሬ በምትባል ከተማ ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው እየተሰበሰቡ ከበጀቱ ለመንገድና ለፍሳሽ ማስወገጃ የሚውለው የትኛው እንዲቀድም ይወስኑ ነበር፤ ሥርዓቱም ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። ይህን ያህል መሄድ ባይቻል እንኳ፣ «ለሰፈራችን የተመደበው ስንት ነው? በምን ላይ ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን የዜጋ ሥራ ነው። ጠያቂው ግን አስቀድሞ ግብሩን የከፈለ ይሁን።

አምስተኛ፣ እጅን መዘርጋት ነው፤ ነገር ግን ልኩን ማወቅ ያሻል። ነዋሪው የደጁን ቦይ ሊጠርግ፣ ጋኑን ሊሞላ ይችላል። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ግን በደቦ አይሠራም። የባሕሪ ወጣቶች ሥራ የሚያስመሰግናቸው የመሆኑን ያህል፣ ማንም ከተማ ዘወትር በእንዲህ ዐይነት ሥራ እንዲኖር ልንመኝለት አንችልም። የነዋሪው ትብብር ማዘጋጃ ቤቱን ለማገዝ እንጂ ከግዴታው ለማሳረፍ አይደለም።

ስድስተኛ፣ ድምፅ የሌላቸውን ማሰብ ነው። በካርቱም ከተሞች ለብዙ ዓመታት የኖሩ፣ በጎዳና ዳር ሻይ አፍልተው ልጅ ያሳደጉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እናቶች ነበሩ። በምርጫ ድምፅ ባይሰጡም ያንኑ ውሃ ይጠጡ፣ በዚያው ጎዳና ይሠሩ ነበር። በእኛም ከተሞች ተከራዩ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከሌላ አውራጃ ተፈናቅሎ የመጣው እንዲሁ ናቸው። የእነርሱ ልጅ በኮሌራ ቢታመም በሽታው የመራጮችን መዝገብ አይቶ አይመለስም።

ሹሙስ ምን ይጠበቅበታል?

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ፣ አማርኛንም በትምህርት እየጨመሩ ያሉ ወንድሞችና እኅቶች መሆናቸውን እናውቃለን። እኛም ይህን ቋንቋ ያገኘነው ከእናታችን አፍ ሳይሆን ከመምህርና ከመጽሐፍ ስለ ሆነ፣ በእንግዳ ቋንቋ ጉዳይን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር እናስታውሳለን። ወደ ሹሙ ጠረጴዛ የሚቀርበው ሽማግሌም እንደዚሁ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ሹም ቃል ሲጐድልበት ባለጉዳይ ላይ አይሳቅ፤ አስተርጓሚ ይፈልግለት፤ «ምን ማለትዎ ነው፣ አባቴ?» ብሎ ደግሞ ይጠይቅ።

በቢሮ ቋንቋ ከሁሉ የሚከፋው ቃል «አይሆንም» አይደለም። «አይሆንም፣ ምክንያቱም በዚህ ዓመት በጀቱ አልቋል፤ በሚመጣው ዓመት ግን በዚህ ወር ጠይቁ» የሚል መልስ ሰውን አያስከፋም። የሚከፋው «ነገ ተመለስ» የሚለው ነው። ነገ ተመለስ የተባለ ሰው መጀመሪያ በማግሥቱ ይመጣል፤ ቀጥሎ በሳምንቱ ይመጣል፤ በመጨረሻ አይመጣም። ያን ጊዜ ሹሙ ጸጥታ አገኘሁ ይላል፤ ያጣው ግን መካሪውን ነው።

ዛሬም ከምክር ቤት በፊት ደጃፍ እንዳለ ማሰብ ይጠቅማል። የባሕሪ ነዋሪዎች ቧንቧው በደረቀ ጊዜ እርስ በርሳቸው የተፈላለጉት ባዶውን ዚር በየደጃፋቸው ስላዩ ነው። ጋኑን መሙላት የነዋሪው፣ ውሃውን እስከ ሰፈሩ ማድረስ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው። አንዱ የሌላውን ድርሻ አውቆ በየጊዜው ሲጠያየቅ፣ ከተማ የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ይቆማል። አንባቢያችንም ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ በሰፈሩ የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደ ሆነ ጎረቤቱን ቢጠይቅ፣ የጻፍንበትን ዋጋ እንዳገኘን እንቈጥረዋለን።